አረንጓዴው ጨው

ከምድጃው የወጣው ጨው አረንጓዴ ነበር። ነጭ ሆኖ መውጣት ነበረበት።

ጊዜው አሜሪካ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበርኩበት ነው። ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ በቀለጠ ጨው የሚሠራ የኑክሌር ሪአክተር ብረቱ በጊዜ ብዛት ምን ያህል እንደሚበላ የሚተነብይ ሞዴል እሠራለሁ። እንዲህ ያለው ሪአክተር በቴነሲ ግዛት ኦክ ሪጅ ውስጥ ከ1965 እስከ 1969 በፈረንጆች አቆጣጠር ሠርቷል፤ ዩራኒየሙ ራሱ በፍሎራይድ ጨው ውስጥ ሟሙቶ ይዘዋወር ነበር። እኛ የምንሞክረው ግን ዩራኒየም የሌለበትን፣ ከሊቲየም፣ ከሶዲየምና ከፖታሲየም ፍሎራይድ የተቀመመ ምትክ ጨው ነው። በ454 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። እስከ 700 አሙቀን የማይዝግ ብረት ቁራጮች እንነክርበታለን።

የማይዝግ ብረት ዝገትን የሚቋቋመው ክሮሚየሙ በገጹ ላይ በሚያበጀው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። የፍሎራይድ ጨው ይህን ሽፋን ያሟሟዋል፤ ክሮሚየሙም ራቁቱን ይቀራል። የኦክ ሪጅ ሰዎች ክሮሚየሙ 7 በመቶ ገደማ ብቻ የሆነ የኒኬል ቅይጥ የሠሩት ለዚህ ነው። የእኛ ብረት ከ16 በመቶ በላይ ነበረው።

ከ500 ሰዓት በኋላ ቁራጮቹ ሲመዘኑ የጠፋው ክብደት ሞዴሌ ከተነበየው አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱን ለራሴ ስሌት ሰጠሁት። ክሮሚየም በብረቱ ውስጥ ወደ ገጹ የሚጓዝበትን ፍጥነት የሚወክል አንድ አሃዝ ነበረኝ፤ እሱን ከፍ አደረግኩት፣ ጥቂት ቀነስኩ፣ እንደገና ጨመርኩ። ሦስት ሳምንት ከፈጀ መነካካት በኋላ በግራፉ ላይ የሞዴሌ መስመር በሙከራው ነጥቦች ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። እንዴት ያምር ነበር! ለስብሰባ አሳትሜ ይዤው ስሄድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ጡረታቸው የተቃረበው የቤተ ሙከራው ቴክኒሺያን ግን ሥዕሉን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ያነሡት የጨዉን ጠርሙስ ነው።

«ፖታሲየም ፍሎራይዱን ማን መዘነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የት?»

ዝም አልኩ። የዚያን ዕለት በአርጎን ጋዝ የተሞላው የጓንት ሳጥን (አየር የማያስገባ፣ እጅ በተገጠሙለት ጓንቶች እየገባ የሚሠራበት ሳጥን) በሌላ ሰው ተይዞ ስለነበር ጠረጴዛ ላይ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ያውም አየሩ በሚወብቅበት በነሐሴ ወር ነበር የመዘንኩት። ፖታሲየም ፍሎራይድ ደግሞ ከአየር ላይ ውሃ እየሳበ ራሱን እስኪያረጥብ ድረስ ጥሙ አይቆርጥም። እናቴ ክረምት በገባ ቁጥር የጨው ዕቃዋን ለምን አጥብቃ እንደምትከድን እያወቅኩ ያደግኩ ሰው ነኝ እኮ!

እርጥበቱ ከጋለው ጨው ጋር ተገናኝቶ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ፈጥሯል፤ እሱም ክሮሚየሙን ከብረቱ ነጥቆ ጨው ውስጥ ከትቶታል። አረንጓዴው ቀለም የእኛው ክሮሚየም ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠርሙሱ ከኮምፒውተሬ አጠገብ ቆሞ ነበር።

ክዳኑን መክፈቴ ብዙም አይቆጨኝም፤ ተማሪ ይሳሳታል። የሚያሳፍረኝ መስመሩ መግጠሙ ነው። ሞዴሌ ስለ ውሃ አንዳች አያውቅም፤ እኔ ግን የውሃውን በደል በብረቱ ላይ አላክኬ፣ ውጤቱን «ተስማማ» ብዬ ልፈርምበት ነበር። ያ አሃዝ በሌላ ሰው ስሌት ውስጥ ቢገባ ኖሮ ከየት እንደመጣ ማን ይጠይቀው ነበር?

ጨዎቹን በቫኪዩም አድርቀን፣ በጓንት ሳጥኑ ውስጥ መዝነን እንደገና 500 ሰዓት ጠበቅን። አሃዙን ወደ ቀድሞው መለስኩት። ጨው ነጣ፤ የጠፋው ክብደት ግን አሁንም ከትንበያዬ አንድ ተኩል እጥፍ ነበር። እጄ ወደ አሃዙ ሊሄድ ሲል ቴክኒሺያኑ ሌላ ጥያቄ ጠየቁኝ፦

«ማቅለጫ ዕቃው ከምንድን ነው የተሠራው?»

ከኒኬል ነበር። ግድግዳውን ቆርጠን በማይክሮስኮፕ ስንመረምረው የጎደለው ክሮሚየም ኒኬሉ ውስጥ ሰርጎ ተገኘ።