ምሳዬን ይዤ የተነሳሁ ቀን

ይህ የደረሰው በፈረንጆቹ 2014፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ በነርስ ረዳትነት ስሠራ ነው። አዳራሹም ብሬክ ሩሙም ቴሌቪዥን አላቸው፤ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። ኦክቶበር ላይ ወሬው ሁሉ ኢቦላ ሆነ። ከላይቤሪያ ዳላስ የገባው ሰውዬ ኦክቶበር 8 ሞተ፤ ያስታመሙት ሁለት ነርሶች ተያዙ፤ ኋላ ሁለቱም ድነዋል። ከዚያ ወዲያ ከራስ እስከ እግር የተሸፋፈኑ ሰዎች ምስል ቀኑን ሙሉ ይመላለስ ጀመር። በመሃል የምርጫ ማስታወቂያ ይገባል፤ አንዳንዱ ተወዳዳሪ ኢቦላን ከድንበር ጥበቃ ጋር አያይዞ ተፎካካሪውን ይከሳል። ምርጫው ኖቬምበር 4 ነበር።

እኔ ሙያዬ ነው። ኢቦላ የሚተላለፈው ምልክት የታየበትን ሰው ደም፣ ትውከት ወይም ሌላ ፈሳሽ በመንካት እንደሆነ አውቃለሁ። ከዳላሱ ሰውዬ ጋር አንድ ቤት የነበሩት እንኳ 21 ቀናቸውን ጨርሰው በጤና ወጥተዋል።

ኢቦላ ከገባባት ከሴራሊዮን የመጣች ባልደረባ ነበረችኝ። አገሯን ካየች ስድስት ዓመት አልፏታል። ምሳ አብረን ነው የምንበላው፤ እሷ ከእንጀራዬ ትቆርሳለች፣ እኔ ከሩዟ እቀምሳለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ አስነጠሳት። የምሳ ዕቃዬን ከደንኩና “ስልክ ልደውል” ብዬ ተነሳሁ። ከበሩ ላይ ዞር ስል፣ እጇ ያረፈበትን ጠረጴዛ በሶፍት እየጠረገች ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ የአንዲት አዛውንት ልጅ አለቃችን ዘንድ ገባች፤ “እናቴን አፍሪካዊት እንዳትነካብኝ።” እኔን ማለቷ ነው። ሦስት ዓመት ያጠብኳቸውን፣ ያጎረስኳቸውን እናቷን! ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም የኢቦላ ታማሚ አልተገኘም ብል ማን ይሰማኛል? ለላይቤሪያዋ ዋና ከተማ ለሞንሮቪያ ከአዲስ አበባ ይልቅ ማድሪድ ትቀርባለች፤ በዚያው ወር የተያዘች ነርስም ነበረች ማድሪድ ውስጥ። ስፔናዊ አይንካኝ ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። አለቃዬ “ለጊዜው ነው” ብላ ክፍል ቀየረችኝ።

ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። ሌሊቱን ግን ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ሶፍት ነው። የአዛውንቷ ልጅ ላይ ልፈርድ አልቻልኩም፤ እሷም እኔም የተቀመጥነው አንድ ቴሌቪዥን ፊት ነው። የኒው ጀርሲው ገዥ ክሪስ ክሪስቲ እኮ ሴራሊዮን ታማሚ ስትረዳ ከርማ የተመለሰች ነርስን፣ ምርመራዋ ነጻ ነሽ እያላት፣ ድንኳን ውስጥ አግልሎ አቆይቷታል። ገዥ እንዲህ ሲያደርግ ያየ ሰው የአስታማሚን እጅ ቢፈራ ምን ይደንቃል? እኔ ግን እያወቅሁ ነው የሸሸሁት፤ ይኼ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

በማግስቱ ከባልደረባዬ አጠገብ ተቀመጥኩና “ያን ቀን የምደውለው ሰው አልነበረኝም” አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች። ሩዟን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ምርጫው አለፈ። ኢቦላ ከቴሌቪዥኑ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ኖቬምበር ሳያልቅ ብዙም የሚያነሳው አልነበረም። ሴራሊዮን ውስጥ ግን በሽታው የበረታው ገና ያኔ ነበር። የአክስቷን መርዶ የሰማችው ዲሴምበር ላይ ነው። ሬሳውን ማጠብ ክልክል ስለሆነ እናቷ እህቷን በእጇ ሳትገንዝ፣ ከሩቅ ቆማ እንደቀበረች ነገረችኝ። ከኋላዋ ቴሌቪዥኑ የገና ቅናሽ ያስተዋውቃል። ድምፁን አጠፋሁና ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።