የሚያዝያ 27 ሰላምታ፣ ከአንድ ቋጠሮ ጋር

ወዳጆች፣ እንኳን ለአርበኞች ቀን በሰላም አደረሳችሁ!

ዛሬ ስለ በላይ ዘለቀ፣ ስለ አበበ አረጋይ ብዙ ይነሳል፤ ይገባቸዋልም። እኛ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ ልክ በአራተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1937፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓኗ ደሴት ኦኪናዋ ላይ የዋለ አንድ አሜሪካዊ እናንሳ። ዴዝመንድ ዶስ ይባላል፤ የ77ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር የሕክምና ወታደር ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ዶስ ደግሞ ቅዳሜን በሰንበትነት የሚያከብር አድቬንቲስት ክርስቲያን። ቀዳሚት ሰንበትን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ጠመንጃ አልይዝም ብሎ ነው የዘመተው። በዚያ ግንባር የሕክምና ሰው ዋና ዒላማ ስለነበር ብዙዎቹ የቀይ መስቀሉን ምልክት አውልቀው መሣሪያ ይታጠቁ ነበር።

በኋላ የተሸለመው የአሜሪካ የክብር ሜዳልያ ጽሑፍ በዚያ ቅዳሜ ካሰፈረው አንዱ፣ ለቆሰለ የመድፈኛ መኮንን ፕላዝማ (የደም ፈሳሹን ክፍል) መስጠቱ ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የዚያ ዘመን ፕላዝማ ሁለት ጠርሙስ ነበር፦ አንዱ ደረቅ ዱቄት፣ አንዱ የተጣራ ውኃ። ውኃውን ወደ ዱቄቱ ታዞራለህ፣ እስኪሟሟ ትጠብቃለህ፣ ደም ሥር ፈልገህ መርፌ ትሰካለህ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ከቁስለኛው በላይ ከፍ አድርገህ ትይዛለህ። ዝቅ ካለ አይወርድም። ሁሉም ሰው መሬት በሚልስበት ሰዓት፣ ሞርታር አጠገብህ እየወደቀ፣ ክንድህን አንስተህ ትቆያለህ ማለት ነው።

ስሙ የገነነው ግን በዚያው ሰሞን ማኤዳ ገደል ላይ በሠራው ሥራ ነው። ጓዶቹ በመድፍና በመትረየስ ተመትተው ሲወርዱ እሱ ገደሉ አናት ላይ ቀረ፤ ቁስለኞቹን አንድ በአንድ እስከ ገደሉ ጠርዝ እየጎተተ በገመድ አወረዳቸው። ጽሑፉ «በገመድ የተያዘ ቃሬዛ» ይላል፤ ዶስ ሲያወራው ግን ነገሩ ቋጠሮ ነው። ዌስት ቨርጂንያ ሥልጠና ላይ ገመዱን አጥፎ ቢቋጥር ባልጠበቀው መንገድ ሁለት ቀለበት ወጣለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገመዱን ታጥፋለህ። ከእጥፉ ራቅ ብለህ ትንሽ ዓይን ትሠራለህ፤ እጥፉን ከሥር በዓይኑ ታወጣለህ፣ ከዋናው ገመድ ጀርባ ታዞራለህ፣ በዚያው ዓይን መልሰህ ታስገባና ታጠብቃለህ። ሁለት ቀለበት ይቀራል፤ እያንዳንዱ እግር በየራሱ ይገባል። ከዚያ ገመዱ ደረት ላይ፣ ከብብት ሥር፣ አንድ ዙር ሄዶ እንደገና ይታሰራል። ይህቺን የደረት ዙር የዘለለ ሰው ያጠፋል፦ ራሱን የሳተ ቁስለኛ ከወገቡ በላይ ስለሚከብድ ወደ ኋላ ተገልብጦ በጭንቅላቱ ይወርዳል። እንደ ሸምቀቆ የሚጠብቅ ቋጠሮም አይሆንም፤ ክብደት ሲያርፍበት ሰውነት ያንቃል። ጫፉን አሳጥረህ ከተውከው ደግሞ ሾልኮ ይፈታል።

ላይኛው ጫፍ በዛፍ ጉቶ ላይ ይጠመጠማል። አንድ ሰው ብቻውን ሌላውን ማውረድ የቻለው ፍትጊያው ክብደቱን ስለተሸከመለት ነው። ጥምጥሙ ሲያንስ መዳፍ ይልጣል፣ ሲበዛ ገመዱ ይነክስና ቁስለኛው አየር ላይ ይቀራል።

ስንት ሰው አወረደ? እሱ 50 ቢሆኑ ነው አለ፣ አለቆቹ 100 አሉ፣ 75 ላይ ተስማሙ። እንዲህ ወደ ታች የሚከራከር ጀግና ብዙ አናውቅም።

ግንቦት 13 ሌሊት የእጅ ቦምብ እግሩን መታው። ለአምስት ሰዓት ያህል ጠብቆ ቃሬዛ ሲመጣለት፣ ከእሱ የባሰ ቁስለኛ ስላየ ወርዶ ለዚያ ሰው ለቀቀለት። ወዲያው ክንዱ በጥይት ተሰበረ። ወጌሻ በቀርከሃ እንደሚያስረው የጠመንጃ ሰደፍ ክንዱ ላይ አስሮ፣ 270 ሜትር ያህል እየተሳበ ሕክምና ጣቢያው ደረሰ። ፕሬዚዳንት ትሩማን ጥቅምት 2 ቀን 1938 ሜዳልያውን አንገቱ ላይ አጠለቁለት።

ቤታችሁ ገመድ ያላችሁ ቋጠሮውን ሞክሩት፤ መጀመሪያ በጆንያ እህል፣ በሰው አይሁን። መልካም በዓል!