የሻዩን ሒሳብ ማን ከፈለ?

የከተማችንን አስተዳደር ወጪ የሚመረምረው ኮሚቴያችን የመጀመሪያ ስብሰባ የተደረገው በአስተዳደሩ አዳራሽ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ፣ ሻይና ቆሎ ቀርቧል። አምስት ነን። አራታችን ቆሎውን መቆርጠም ጀምረናል። የሒሳብ አስተማሪዋ ግን ብርጭቆዋን ገፋ አደረገችና «ይሄ ከየትኛው ሒሳብ ነው የተገዛው?» አለች።

ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ስለኖርኩ ለመመለስ አልተቸገርኩም። «6233» አልኳት። የመስተንግዶ ወጪ የሚመዘገብበት የሒሳብ መደብ ቁጥር ነው። ወጪውን ልንመረምር የተሰበሰብንበት መሥሪያ ቤት፣ ከምንመረምራቸው ሒሳቦች በአንዱ ሻይ ጋብዞናል ማለት ነው። ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ከዚያ ቀን ወዲያ ስብሰባችን ዕድር ቤት ሆነ።

ነገሩ የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ። ማታ በአስተዳደሩ ግቢ በኩል ሳልፍ መብራት በርቶ ከአይሱዙ ላይ ካርቶን ይወርዳል። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሥራ ላይ እያለሁ እኔም እንዲያ አምሽቻለሁ፤ ፊርማዬም አለበት።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ሰው ስለ ሌብነት ያወራል። እኔ ባየሁት ግን ከሌባው ይልቅ ሰኔ ይበላል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ተመላሽ ያደረገ ኃላፊ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲጠይቅ «የአምናውንስ መቼ ጨረስክ?» ይባላል። ስለዚህ ይገዛል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ይቆረጣል፣ ዕቃው መጋዘን ይገባል። ወረቀቱ ላይ እንከን አታገኝበትም።

ወጪ የሚገመግም ነፃ አካል ይቋቋም የሚለውን ሐሳብ ሳነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። ኦዲተር አለ አይደል እንዴ? አለ። በፌዴራል ደረጃ ዋና ኦዲተር የነበሩት አቶ ገመቹ ዱቢሶ ፓርላማ ቀርበው ስላልተወራረደ ሒሳብ ሲናገሩ በቴሌቪዥን እሰማ ነበር። በእኛ ከተማ ደረጃ ግን በየቀኑ ወረቀቱን የሚያየው የውስጥ ኦዲተሩ ነው። ሪፖርቱን የሚያቀርበው ደግሞ ለሚመረምረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። የዓመት ፈቃዱንም የሚፈርሙለት እሳቸው ናቸው። በዚያ ላይ የሒሳብ ኦዲት ደረሰኙ ትክክል ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኔ እንዲጠየቅ የፈለግኩት «ዕቃው አስፈልጎ ነበር ወይ?» ተብሎ ነው።

ባለ ሦስት ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ወሰድኩ። ርእሱ «ነፃ የወጪ ገምጋሚ ኮሚሽን» ይላል። አፈ ጉባኤው አንብበው ፈገግ አሉ። «ኮሚሽን የሚቋቋመው በአዋጅ ነው» አሉኝ። «በዚያ ላይ እዚህ ከተማ ኮሚሽን ሲባል ሰው የሚያስበው የደላላ ድርሻ ነው። ኮሚቴ በለው።» ኮሚቴ አልኩት። በስም ላይ ሙግት ገጥሜ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርኩ።

ያልለቀቅኩት ሌላ ነገር ነው። የሚሾመን ምክር ቤቱ እንጂ ከንቲባው እንዳይሆን። ሪፖርታችን ሕዝብ በሚገባበት ጉባኤ ላይ እንዲነበብ። አባላቱ አበል እንዳይከፈላቸው። የመጨረሻው በጣም አከራከረ። «ያለ አበል ማን ይመጣል?» ተባለ። እውነትም ቃል ገብተው ከነበሩት መካከል ሦስቱ ቀሩ። የሻዩ ቀን ሲመጣ ግን አበል ብንቀበል ኖሮ ከአበል ሒሳቡ ከ6231 ተነስቶ እዚያው 6231ን ሊመረምር የሚሄድ ሰው እንደምንሆን ገባኝ።

ስለ አባላቱም ልንገራችሁ። መጀመሪያ የፈለግኩት ሐቀኛ ሰው ነበር። ሐቀኝነት ግን ብቻውን ዕቃ አይቆጥርም። ከሁላችንም በላይ የጠቀመን፣ መጀመሪያ ላይ «እሱ ደግሞ ምን ይሠራል?» ብዬ ያቅማማሁበት ጡረተኛ ሾፌር ነው። ሌሎቹ ነርስና የግንባታ ፎርማን ናቸው። ከእኔ በስተቀር የሒሳብ ሠራተኛ የለም። ይህ ደግሞ በጀን። የሒሳብ ሠራተኞች ብቻ ብንሆን ኖሮ ደረሰኝ ስንደምር ዓመቱ ያልቅ ነበር።

ሰነድ የጠየቅንበት የመጀመሪያ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቀረ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ላይ የመረጃ ነፃነት አዋጁን፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000ን፣ ጠቀስኩ። ጥያቄ የቀረበለት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት ይላል። የአዋጁን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤ ነበር የምዞረው። አንዷ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «አባባ፣ ይሄ እውነት የእኛ አገር ሕግ ነው?» አለችኝ። ቅጂውን ሰጠኋት። በ27ኛው ቀን ሰባት ቦክስ ፋይል ተሰጠን።

ከሁሉም የማልረሳው ነዳጅ ነው። 6217። የኩፖን መዝገቡን ስናገላብጥ አንድ ፒክአፕ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በየሳምንቱ 40 ሊትር ይቀዳል። ሾፌራችን ሰሌዳውን አየና «ይቺን አውቃታለሁ፣ ኑ» ብሎ ወደ ግቢው ጀርባ ወሰደን። ፒክአፗ አራት ጎማዋ ወልቆ በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከሥሯ የጥበቃው ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። «እና ዶሮዋ ነች የምትነዳት?» አለ።

እዚህ ላይ ተሳሳትን። ከመጠየቃችን በፊት አወራን። ከመካከላችን አንዱ ገበያ ላይ ለዘመዱ ነገረው። በማግስቱ ከተማው በሙሉ ስለ ዶሮዋ ይስቃል። የፋይናንስ ኃላፊው እኔ ሥራ ያስለመድኩት ልጅ ነው። በር ላይ ጠብቆ አስቆመኝ። «ጋሼ፣ ደብተር መግለጥ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሌባ ከማለትዎ በፊት አንዴ አይጠይቁኝም ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስንጠይቅ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ኩፖን የሚታደለው በሰሌዳ ነው። የውኃ ክፍሉ መኪና ቧንቧ በፈነዳ ቁጥር ሲወጣ ድርሻው በወሩ አጋማሽ ያልቃል። የተበላሸችው መኪና ድርሻ ግን አልተሰረዘም። ስለዚህ በእሷ ስም ተቀድቶ ለውኃው መኪና ይሰጣል። የጥገና መዝገቡን ከኩፖኑ ጋር ቀን በቀን ስናመሳክረው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ገጠመ። ቀሪው አልገጠመም፤ የት እንደገባም አልደረስንበትም። ሪፖርታችን ላይ የገጠመውንም ያልገጠመውንም ጻፍን። ያልገጠመውን ብቻ ጽፈን ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ አንድም ሾፌር አያናግረንም ነበር። በሐሜቱ የተነሳ እንኳ ሁለት ወር ያህል ዘግተውናል።

መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ 64 የፕሪንተር ቀለም አገኘን፣ ከነካርቶኑ። ፎርማኑ ቆጠረ፣ ነርሷ ጻፈች። ቀለሙ የሚሠራላቸው ፕሪንተሮች አንድም አልቀሩም፤ ሁሉም ተበላሽተው በሌላ ዓይነት ተተክተዋል። ሞዴል 19ኙን አውጥቼ ቀኑን አየሁ። ሰኔ 26። ሞዴል 22፣ ማለትም ወጪ የሆነበት፣ የለም። ያን ሰኔ ማታ ሲወርድ ያየሁት ካርቶን ይሄው ይሆን እያልኩ ብዙ አሰብኩ።

የመጀመሪያው ሪፖርታችን 58 ገጽ ሆነ። 41 ምክረ ሐሳብ አለው። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ በጣም ኮርቼበት ነበር። ጉባኤው አጨበጨበ። ከንቲባው አመሰገኑን። ከዚያ ምንም አልሆነም። ስናደድ ልጄ በስልኩ ስለ አሜሪካው የግሬስ ኮሚሽን አነበበልኝ። ፕሬዚዳንት ሬገን የመንግሥትን ብክነት እንዲመረምር እ.ኤ.አ. በ1982 ያቋቋሙት ነው። 2,478 ምክረ ሐሳብ አቅርቦ በሦስት ዓመት ከ424 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይድናል ብሎ ነበር። ብዙው ግን ኮንግረሱ ካልወሰነ የማይፈጸም ስለነበር ወረቀት ላይ ቀረ። ወጪውን የሸፈኑት ደግሞ የግል ኩባንያዎች ናቸው። እዚያም ሻዩን የሚከፍል ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። እኔን ያጽናናኝ ግን ቁጥሩ ነው። ለ2,478 ጆሮ ካልተገኘ ለ41 ከየት ይመጣል?

ሁለተኛውን በአንድ ገጽ አደረግነው። አምስት ነጥብ ብቻ። በእያንዳንዱ ፊት የሚፈጽመው ሰው የሥራ መደብና ቀን ተጻፈ። በየሩብ ዓመቱ አስተማሪዋ ጉባኤው ፊት ቆማ ታነበዋለች፤ «ተፈጽሟል»፣ «አልተፈጸመም»፣ ሌላ ቃል የለም። ልክ የተማሪ ስም እንደምትጠራ። ሦስቱ ተፈጸሙ። የቆሙ መኪኖች የኩፖን ድርሻ ተሰረዘ። መጋዘኑ በየስድስት ወሩ በውጭ ሰው ፊት ይቆጠራል። የውኃው መኪና በቂ ነዳጅ ተመደበለት፤ በዚህኛው ወጪ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ እኔ ግን ከሁሉም የምኮራው በእሱ ነው።

አራተኛው ከግንቦት 30 በኋላ ያለ ልዩ ፈቃድ ግዢ እንዳይፈጸም ይላል። እሱም ጸድቆ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አይሱዙው የመጣው ግንቦት 27 ነው። በሕጉ መሠረት! በጀት ተመላሽ ያደረገ እስከተቀጣ ድረስ ቀኑን ማንቀሳቀስ ዋጋ የለውም። ይህን ማስተካከል ደግሞ ከከተማችን አቅም በላይ ነው። አምስተኛው የውስጥ ኦዲተሩ ለምክር ቤቱ ሪፖርት እንዲያደርግ የሚለው ነው። እስከለቀቅኩበት ቀን ድረስ «አልተፈጸመም» ተብሎ ሲነበብ ሰምቻለሁ።

የፋይናንስ ኃላፊው አንድ ዓመት ያህል ሰላምታ ነፈገኝ። ሳየው መንገድ ይቀይራል። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት አጠገቤ ያለው ቦታ ብቻ ክፍት ሆኖ ተቀመጠ። ዝም ተባባልን። ቡና ሲመጣ ስኒውን ተቀብሎ አቀበለኝና «ያቺን ፒክአፕ በጨረታ ልናወጣት ነው» አለኝ። «ዶሮዋስ?» አልኩት። ሳይፈልግ ሳቀ።

መኪናዋን አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ገዛት። ጎማ ገጥሞ፣ ቀለም ቀብቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭኖባት በቤቴ በኩል ያልፋል። ሾፌራችን አስቁሞ ውስጧን አይቷት ነበር። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ አሁንም አይሠራም አለኝ።