በሐምሌ የፈነዳችው «አደይ»

የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ መጀመሪያ፣ መንገድ ዳር ቢጫ አበባ ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። «ልጄ፣ አደይ በሐምሌ ይፈነዳል እንዴ?»

እውነቷን ነው። ታዲያ ይቺ ማን ናት?

በቀለሟ መፈለግ ስጀምር ጠፋሁ። ኑግንና ሱፍን ጨምሮ ትልቁ የአስተር ቤተሰብ በቢጫ አበባ የተሞላ ነው። መንገድ ያሳየኝ ቅጠሏ ነው፤ ጠንካራ፣ ከመሃል ለሦስት የተከፈለ፣ የወፍ እግር የሚመስል። ቀጥሎ አንድ አበባ ገለበጥኩ። ከስር ሁለት ረድፍ ትንንሽ ቅጠል መሳዮች አሉ። የውጪዎቹ ቀጫጭን አረንጓዴ፣ የውስጦቹ ሰፋ ያሉ። ከላይ መልካበብ የሚመስሉት ስምንት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። መሃሉም በጥቃቅን አበቦች የታጨቀ ነው። አንድ አበባ የምንለው ለካ መንደር ነው!

ስሟ ኮሪዮፕሲስ ፓልማታ ሆኖ ተገኘ። ስሙን ያወጣላት እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቶማስ ነታል ነው፣ በ1818 እ.ኤ.አ.። ኮሪዮፕሲስ በግሪክኛ «ትኋን መሳይ» ማለት ሲሆን ዘሩን ለማለት ነው።

ደስ ያለኝ ግን ከዚህ በኋላ ያገኘሁት ነው። አደይ ባይደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ ናት። ባይደንስ «ሁለት ጥርስ» ማለት ነው። ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎት፣ ባይደንስ ፒሎሳ፣ ዘመዷ ነው። የድሮው መለያ ዘሩ ነበር፦ ጥርስ ካለው ባይደንስ፣ ክንፍ ካለው ኮሪዮፕሲስ። የአደይ ሙሉ ስም ግን ባይደንስ ማክሮፕቴራ ነው፤ ማክሮፕቴራ ደግሞ «ባለ ትልቅ ክንፍ»። ኮሪዮፕሲስ ይባሉ የነበሩ የአፍሪካ ዝርያዎችን ወደ ባይደንስ ያዛወረው የእኛው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ነው። የዲኤንኤ ጥናቶችም ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ የተጠላለፉ መሆናቸውን አሳይተዋል። አደይ የመሰለችኝ እኔም ጨርሶ ተሳስቻለሁ ማለት አልችልም፤ የአክስት ልጅ ነው ያየሁት።

ከዚያ ልተክላት ተነሳሁ። መጀመሪያ ዘሩን በሚያዝያ ቤት ውስጥ ዘራሁ፤ አንድም አልበቀለም። ዘሩ እርጥብ ቅዝቃዜ ካላገኘ አይነቃም። አንድ ወር ያህል ይበቃዋል። በኅዳር ውጪ በትኜ በረዶው እንዲሸፍነው ተውኩት። በጸደይ በቀለ። ግማሹን አረም መስሎኝ ነቀልኩት! አሁን መጀመሪያ የዘራሁበትን ቦታ በእንጨት ምልክት አደርጋለሁ፣ የቡቃያውንም ቅጠል ፎቶ እይዛለሁ።

ሌላው ስህተቴ ኮምፖስት ማብዛቴ ነው። ረዘመችና ተጋደመች። ይቺ የሜዳ ልጅ ናት፤ ፀሐይና ደረቅ፣ ስስ አፈር ይስማማታል። ችግኟን ሳዛውር እንዲያ ያለ ቦታ መረጥኩላት። በሦስተኛው ሐምሌ አበበች፤ አሁን ከስር እየተሳበች ቦታውን ይዛለች።

ሚኒሶታ ድሮ 18 ሚሊዮን ኤከር የሣር ሜዳ ነበራት። የቀረው ከ1 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ከዱር የማልነቅለው። ባለፈው መስከረም ከራሴ ጓሮ የደረቁትን ራሶች ሰብስቤ ዘሩን በፖስታ ከፋፈልኩ፣ ለጎረቤቶቼና ለእንቁጣጣሽ ለመጡ ልጆች። በየፖስታው ላይ «በኅዳር ዝሩ፣ በአፈር አትሸፍኑት» ብዬ ጻፍኩ።