ዋጋው ለ15 ቀን የጸና ነው

ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ አንዲት አነስተኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሒሳብ እይዝ ነበር። ባለቤቱ የ24 ዓመት ልጅ ነው፤ ደፋር፣ ታታሪ፣ እንቅልፍ የማያውቅ። በ2015 ክረምት አንድ ድርጅት ለዘመን መለወጫ የሚያድለውን 2,000 አጀንዳ አዘዘን፤ በቀኑ አስረከብን። ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 210 ሺህ ብር ተረፈ። ሥራ በጀመረ በአምስተኛው ወር! እኔ በ18 ዓመት የደመወዝ ኑሮዬ ያን ያህል ገንዘብ በእጄ ይዤ አላውቅም። የራሴ ልጅ ያገኘው ያህል ነው ደስ ያለኝ።

ከዚያ በኋላ ግን እሱን መምከር ከበደ። አያመናጭቅም፣ አይቆጣም። ብቻ የምለውን ሁሉ «ዓምናም እንዲህ ብለውኝ ነበር ጋሼ፤ ታዲያ አልተሳካም?» በሚል ይመልሰዋል። ለዚህ ምን መልስ አለው?

ሰኔ 2016 ላይ የ6,000 አጀንዳ ፕሮፎርማ ስሠራ እንደ ልማዴ ከግርጌው «ዋጋው ለ15 ቀን የጸና ነው» ብዬ ጻፍኩ። በእስክሪብቶ ሰረዘው። «ፈሪ ያስመስለናል። ዋጋችንን እናውቀዋለን» አለ። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

ውሉ በዓምናው ዋጋ ተፈረመ፤ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ገባ። ቅድመ ክፍያ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ዕዳ ነው፤ መዝገብ ላይም የሚቀመጠው በዕዳ በኩል ነው። እሱ ግን ለሰፊ ቢሮ የስድስት ወር ኪራይ ከፈለበት፣ የቀረውን ለመኪና ቀብድ አደረገው። ወረቀት አልተገዛም።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ባንኩ ከቢሯችን በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ገባ፤ ወር ሳይሞላው 100 አለፈ። መርካቶ ስንደውል ጠዋት የነገሩንን የአንድ ደስታ ወረቀት ዋጋ ከሰዓት አይደግሙትም። ውላችን ደግሞ ለየቀኑ መዘግየት ቅጣት አለበት። መኪናው ተሸጠ፣ ሁለት ልጆች ተሰናበቱ፣ ሥራው በኪሳራ ተጠናቀቀ።

ጳጉሜን 3 የመጨረሻውን ካርቶን አስረክበን ስንመለስ ደረጃው ላይ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ዓምና ግን እንዴት ነው ያተረፍነው?» አለኝ።

መዝገቡን አወጣሁ። የዓምናውን ወረቀት የሰጡን መርካቶ ያሉ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ ከመጋዘናቸው፣ በድሮ ዋጋ፣ ያውም በዱቤ። በወቅቱ ዋጋ ብንገዛው ኖሮ ከ210 ሺሁ የሚተርፈን 60 ሺህ ብቻ ነበር። ሁለቴ አስደመረኝ። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ሽማግሌው ጋ ደወለ። ለዚያ ወረቀት አንድም ቀን አመስግኗቸው አያውቅም ነበር።