ቀይዋ መስመር

ዛሬ እናቴን ይዤ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ለጉሮሮዋ ሕመም አሞክሲሲሊን ሊያዝላት ስሙን ኮምፒውተሩ ላይ ገና ከመጻፉ፣ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» የምትል ቀይ መስመር ብቅ አለች። ከዓመታት በፊት ሌላ ሐኪም የመዘገበው ነው፤ እናቴ ግን ያን ጊዜ ሽፍታ ያወጣባትን መድኃኒት ስም ረስታዋለች፣ እኔም አለርጂ እንዳለባት ስጠየቅ ያለ ማመንታት «የለባትም» ብዬ ነበር። አሞክሲሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ስለ ሆነ ሥርዓቱ ሁለቱን አገናኝቶ አስጠነቀቀ። በወረቀት ካርድ ቢሆን ማስታወሻው በማይነበብ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ፣ ካርዱም «ጠፍቷል» ተብሎ ሌላ በወጣ ነበር። እርግጥ ሐኪሙ ከእናቴ ፊት ይልቅ ስክሪኑን አብዝቶ ማየቱ ቅር አሰኝቶኛል። ሆኖም መድኃኒቱን ከመቀየሩ በፊት ወደ እርሷ ዞሮ «እማማ፣ ያኔ ሽፍታው የት የት ነበር የወጣብዎት?» ሲላት፣ ክንዷን እየዳሰሰች ታስታውስ ጀመር።