የመጀመሪያው ቪዲዮ የት አለ?

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) የንግግር ኮርስ አስተምራለሁ። አሜሪካ ኮሌጅ የገባ ሰው ኮርሱን ያውቀዋል። በብዙ ኮሌጆች ነርስ ልሁን ያለውም፣ አካውንታንት ልሁን ያለውም ሳይወስደው አይመረቅም። ተማሪው ክፍሉ ፊት ቆሞ መጀመሪያ ራሱን ያስተዋውቃል። ቀጥሎ አንድ ነገር ያስረዳል። መጨረሻ ላይ አድማጩን ለማሳመን ይናገራል። የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ ኮርሱን ሲሸሹት ቆይተው ሊመረቁ ሲሉ ነው የሚመዘገቡት። በእንግሊዝኛ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ያስፈራቸዋል።

የምጽፈው በዲፓርትመንታችን የምዘና ስብሰባ ላይ ስለገጠመን ነገር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማርክ የምሰጥበት መንገድ ተለውጧል።

ስብሰባው ምን እንደሆነ መጀመሪያ ላስረዳ። ለተማሪው ግሬድ የሚሰጠው ያስተማረው መምህር ነው። ኮሌጁ ግን በየጊዜው ሌላም ጥያቄ መመለስ አለበት። ይህ ኮርስ እውነት ያስተምራል ወይ? እውቅና ሰጪው ኮሚሽን፣ በእኛ አካባቢ ሚድል ስቴትስ የሚባለው፣ ተማሪዎቻችሁ መማራቸውን በማስረጃ አሳዩ ይላል። ስለዚህ ከመጨረሻዎቹ የማሳመን ንግግሮች ጥቂት ቪዲዮዎች በዕጣ ይወጣሉ። የተማሪው ስም ይደበቃል። ተማሪውን ያላስተማሩ መምህራን ለየብቻቸው ማርክ ይሰጡና ከዚያ ያስተያዩታል። የራሱ ተማሪ ቪዲዮ የወጣበት መምህር ማርክም አስተያየትም አይሰጥም።

የምንጠቀምበት ሩብሪክ፣ ማለትም የማርክ መስጫ ሠንጠረዥ፣ የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ካወጣው የተወሰደ ነው። አምስት መስፈርት አለው፤ የሐሳብ አደረጃጀት፣ የቋንቋ አጠቃቀም፣ አቀራረብ፣ ደጋፊ ማስረጃና ዋና መልእክት። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ይሰጣል። ወረቀት ላይ ሲታይ ምንም የሚያከራክር ነገር የለውም።

የዚያን ቀን ሁለት ቪዲዮ ተከታትሎ ወጣ። የመጀመሪያው የአንድ ወጣት ነው። ርዕሱ ስልክ እየነካኩ መኪና ስለመንዳት ነበር። ድምፁ ያምራል። የት ላይ ቆም እንደሚል ያውቃል፤ እጁን የት እንደሚያደርግ አይጨነቅም። ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ከጎኔ ያለው መምህር ፈገግ ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ። ሦስቱም ማርክ ሰጪዎች በአምስቱም መስፈርት 4 ወይም 3 ሰጡት።

ሁለተኛው ቪዲዮ ሲከፈት ደነገጥኩ። የእኔ ተማሪ ናት። የእኛው አገር ልጅ፣ ማታ ነርሲንግ ሆም እየሠራች ጠዋት ክፍል የምትገባ። ርዕሷ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተሻለኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ ነበር። አክሰንቷ ከበድ ይላል። አንዳንድ ቃል ላይ ትደናቀፋለች። ማርኩ ተነበበ። ለአደረጃጀት 2፣ 2 እና 1። ለማስረጃ 2፣ 2 እና 2። ለአቀራረብ ሦስቱም 1። አንደኛው ማስታወሻው ላይ «ሐሳቧ የተበታተነ ነው፣ ለመከታተል ይከብዳል» ብሎ ጽፏል።

ያንን ንግግር እኔ አውቀዋለሁ። አውትላይኑን ቢሮዬ ድረስ እያመጣች ደጋግማ አስተካክላዋለች። የተበታተነ ነገር የለበትም። ግን መናገር አልችልም፤ ደንቡ አይፈቅድም። አፌን ይዤ ተቀመጥኩ።

ነገሩን የያዙት ስብሰባውን የሚመሩት አንጋፋ መምህርት ናቸው። በዚህ ሙያ አርጅተዋል። «ከአደረጃጀቷ የተበታተነው የቱ ላይ ነው?» ብለው ጠየቁ። የጻፈው መምህር ማስታወሻውን አገላበጠ። የሚያሳየው ቦታ አላገኘም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በጥሞና ነው ያዳመጠው። ጆሮው የደከመው አነጋገሯን ለመልመድ ሲሞክር ነው። ድካሙን ግን በአቀራረብ ብቻ አልቀነሰባትም። በአደረጃጀትም ቀነሰ፣ በማስረጃም ቀነሰ። የምዘና ባለሙያዎች አንዱ ጠባይ ጎልቶ የሌላውን ማርክ ይዞት ሲሄድ «ሄይሎ ኢፌክት» (halo effect) ይሉታል። ወጣቱን ጠቀመው፤ እሷን ጎዳት።

መምህርቷ ያኔ አንድ ነገር አሉ። የንግግር መምህራን ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። 17 መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ተገንጥለው ነው ያቋቋሙት። ንግግር እንደ ድርሰት መታየት የለበትም፣ የራሱ ሙያ ነው ብለው። «ዛሬ ለአንድ ሰዓት የእነሱን ተቃራኒ እናድርግ፤ ሁለቱን ንግግሮች እንደ ድርሰት እናንብባቸው» አሉን። የቪዲዮውን አውቶማቲክ መግለጫ ጽሑፍ አወጡት። ማሽኑ ያበላሻቸውን ቃላት እያዳመጡ አስተካከሉና ለሦስቱም አከፋፈሉ። ሥራው ቀላል ነበር። ዋናውን ሐሳብ አስምሩበት። አንዱ ነጥብ አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ምንጭ የተጠቀሰበትን ክበቡት።

የልጅቷ ወረቀት በምልክት ሞላ። መግቢያዋ ላይ «ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ» ትላለች፤ ሦስቱንም በቅደም ተከተል ታነሳቸዋለች። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር «ሰዎች ለምን እንደሚያቋርጡት አየን፤ አሁን ሲያቋርጡት ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ» ትላለች። ከአሜሪካ ጎልማሶች ግማሽ ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው ስትናገር የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉን፣ ሲዲሲን፣ በስሙ ጠርታለች። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ምልክት እንደማያሳይ፣ ሰውም ተሻለኝ የሚለው ለዚህ እንደሆነ አስረድታለች። ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ይዛዋለች።

የወጣቱ ወረቀት ሳሳ። ምንጭ ተብሎ የሚከበብ የተገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ይላል። የትኛው ጥናት? አልተናገረም። ሁለተኛና ሦስተኛ ያላቸው ነጥቦች አንድ ዓይነት ናቸው። ያ ግሩም ድምፅ ሸፍኖት ነበር። ሦስቱ መምህራን ለአደረጃጀትና ለማስረጃ እንደገና ማርክ ሰጡ። የእሷ 4 እና 3 ሆነ፤ የእሱ ወደ 2 ወረደ።

ለእኔ ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መምህርቷ «የመጀመሪያው ቪዲዮ የት አለ?» አሉ። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ የተቀረጸውን ማለታቸው ነው። ሁለቱም ክፍሎች ቀርጸውት ስለነበር ተገኘ። ከፈትነው።

ወጣቱ የመጀመሪያው ቀንም እንደዚያው ነው። ያው ድምፅ፣ ያው እርጋታ፣ ምንጭ የሌለው ያው የሚያምር ወሬ። ሲመጣ ይዞት የመጣውን ችሎታ ይዞ ወጣ። ልጅቷ ደግሞ ወረቀቷን ፊቷ ላይ ጋርዳ ታነባለች። ፀጉሯ ብቻ ነው የሚታየው። ከተሰጣት ጊዜ ግማሹን እንኳ ሳትሞላ «ታንክ ዩ» ብላ ሮጠች። ከዚያኛው ቀን እስከ ደም ግፊቱ ንግግር ያለውን መንገድ ያየ ሰው ኮርሱ ያስተምራል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ። ለእሷ አስተምሯል። ለወጣቱ ግን ምን እንዳስተማርነው ማሳየት አልቻልንም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ለሚችል ተማሪ የሚሆን ከበድ ያለ ሥራ አላዘጋጀንም ነበር።

አንድ ወጣት ባልደረባዬ ተቃወመ። «ታዲያ ለለውጥ ኤ ልንሰጥ ነው? ተመራቂው ሥራ ቦታ ሲሄድ የሚጠየቀው አሁን በሚችለው ነው» አለ። ልክ ነው። ግሬድ በመስፈርት ነው የሚሰጠው፤ በእንባም በትጋትም ኤ ማከፋፈል ተማሪውን ማታለል ነው። ነገር ግን እኛ የተሰበሰብነው ግሬድ ልንሰጥ አልነበረም። ተማሪው የት ደረሰ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ኮርሱ ምን ያህል ወሰደው የሚለው ሌላ ነው። ሕፃን ይዞ ጤና ጣቢያ የተመላለሰ ወላጅ ይህን ያውቃል። ካርዱ ላይ ያለፈው ወር ኪሎ ካልተጻፈ የዛሬው ኪሎ ብቻውን ልጁ እያደገ ይሁን እየከሳ አይናገርም። እኛ ለኮሚሽኑ ስንልክ የኖርነው የመጨረሻውን ቀን ኪሎ ብቻ ነበር።

ተማሪዎች በመጀመሪያና በመጨረሻ የሚሞሉት መጠይቅም አለን። ጄምስ ማክሮስኪ የተባሉ ምሁር ያዘጋጁት፣ የመናገር ፍርሃትን የሚለካ፣ 24 ዓረፍተ ነገር ያለው ነው። ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ፍርሃቱ መቀነሱን እንጂ ንግግሩ መሻሻሉን አይነግርም። ሳይፈራ ባዶ ነገር የሚናገር ሰው ሞልቷል። ቪዲዮውን የሚተካ አይደለም።

ግሬድ ካስገባሁ በኋላ ልጅቷ ቢሮዬ መጣች። ሁለቱንም ቪዲዮ አሳየኋት። ስለ መጀመሪያው አልገረማትም፤ ያንን ቀን ታስታውሰዋለች። የገረማት ሁለተኛው ነው።

«መምህር፣ በየመሃሉ ‹ኦኬ› እያልኩ ነው እንዴ የጨረስኩት? ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬሻለሁ፤ ቅጹ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«አንብቤዋለሁ። ግን አንድ ሁለቴ ብዬ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ይኼ እኮ ሌላ ነው።»

ወንበሩን ስባ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ጀመረችው። «ኦኬ» ባለች ቁጥር ወረቀት ላይ ጭረት ታደርጋለች። ስትጨርስ ጭረቶቹን አይታ ሳቀች። ከዚያ የትኞቹ ላይ ዝም ብትል ይበቃ እንደነበር ለራሷ ለየችው። ያንን የእኔ ማስታወሻ ሊያደርገው አይችልም ነበር። አሁን በሁሉም ክፍሎቼ ተማሪው ቪዲዮውን አይቶ በዚያው ሩብሪክ ራሱን መጀመሪያ ይመዝናል። የእኔን ማርክ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። የራሱና የእኔ ማርክ የሚራራቁበት መስፈርት ላይ ነው ቁጭ ብለን የምናወራው፤ ሌላውን እንዘለዋለን።

አገር ቤት የሚያስተምሩ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «እናንተ ትንሽ ክፍል ስላላችሁ ነው» ይሉኛል። እውነት አላቸው። በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የፍሬሽማን ፕሮግራም የእንግሊዝኛ ኮሙኒኬሽን ኮርስ አለው፤ ክፍሉ ግን ይሞላል። ስለዚህ ንግግሩ የቡድን ፕሬዘንቴሽን ይሆናል። አንዱ ጎበዝ ይናገራል፣ ሌሎቹ ከጎኑ ይቆማሉ፣ ሁሉም አንድ ማርክ ያገኛሉ። ያ ማርክ ስለማን ነው? ስልክ የሌለው ተማሪ ግን አሁን ብዙ አይደለም። መጀመሪያው ሳምንት ላይ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ራሱን ቀርጾ ቢያስቀምጥ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ሁለት ደቂቃ ቢጨምር፣ መምህሩ ሁሉንም ማየት ባይችል እንኳ ጥቂቱን በዕጣ አውጥቶ ማየት ይችላል። ወጪ የለውም። ከቡድን ማርኩ በጣም ይሻላል።

በእኛ ዲፓርትመንት የመጀመሪያው ንግግር አሁን በሁሉም ክፍል ይቀረጻል። አደረጃጀትና ማስረጃ የሚመዘኑት ከጽሑፉ ነው፤ አቀራረብ ከቪዲዮው። ሩብሪኩ ላይ ስለ አነጋገር የነበረው መስመር «አድማጩ ይረዳዋል ወይ?» በሚል ተተክቷል። ያልተስማማንበት ዓይን ለዓይን መተያየት ነው። ግማሾቹ ያለ እሱ ንግግር የለም ይላሉ። እኔ ደግሞ ከእኛ ቤት የመጡ ልጆች በዕድሜ የሚበልጣቸው ሰው ላይ ዓይናቸውን ተክለው እንዳያዩ ተነግሯቸው እንዳደጉ አውቃለሁ፤ መምህሩ ፊት ሲሆን ደግሞ ይብስባቸዋል። በሌላ በኩል አድማጩን ጭራሽ የማያይ ተናጋሪ ሰዎቹ መከተላቸውን በምን ያውቃል? ስለዚህ መስመሩ ይውጣ አላልኩም። «ከወረቀቱ ቀና ብሎ አድማጩ መከተሉን ያያል፣ ካልተከተሉት ይደግማል» ተብሎ ይጻፍ ብዬ ሐሳቤን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። የሚቀጥለው ሴሚስተር ስብሰባ የሚጀምረው በእሱ ነው።